የሚስተር ቢን ቲሸርት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለምታትሙም ለምታሳትሙም

የአንድ ኮሜዲ ወዳጆች ተሰብስበው ቲሸርት ሊያሠሩ ሲመጡ በእጃቸው ያለው አብዛኛውን ጊዜ የተዋናዩ ፎቶ ነው። ስልክ ላይ ጥርት ያለ ይመስላል፤ ደረት ላይ 28 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሲለጠጥ ግን ጠርዙ ይደበዝዛል። በስክሪን (ቀለሙ በተወጠረ መረብ በኩል እየተገፋ በሚያልፍበት ዘዴ) ሲታተም ደግሞ ዓይንና ከንፈር አካባቢ ያሉት ደቃቅ ነጥቦች ተያይዘው ይጨማለቃሉ። ስለዚህ ፊቱን ተዉትና አንድ ዕቃ ምረጡ። ተከታታዩን የሚያውቅ ሰው ዕቃውን አይቶ ይስቃል፤ የማያውቀው ፊቱንም ቢያይ አይገባውም።

ለዚህ ሥራ እንደ ሚስተር ቢን የሚመች የለም። ከ1990 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየ፣ ክፍሎቹ 15 ብቻ የሆኑ ሥራ ነው። ንግግር የለውም ማለት ስለሚቻል አስተርጓሚ አልፈለገም፤ አያትም የልጅ ልጅም እኩል ይስቁበታል። ከሁሉ በላይ ግን በዕቃ የተሞላ ነው፦ ቀይ ከረባት፣ ቡናማ ኮት፣ በክር የተሠራ ድብ፣ ጥቁር ኮፈን ያላት አረንጓዴ መኪና፣ በሯ ላይ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር።

ድቡ ከሁሉም ይረክሳል፣ ብዙም አያሳስትም። አንድ ቀለም፣ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ክሬም ወይም ነጭ ቲሸርት ላይ። የክር ሥራ መሆኑን ለማሳየት ጥላ አያስፈልግም፤ ውፍረታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር ያላነሰ አጫጭር መስመሮች ይበቃሉ። ለልጆች የምታሠሩ ከሆነ ከዚህ ውጪ አትፈልጉ።

መኪናዋ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ወዳጆቹ ደቂቃ ሳይቆዩ ስህተቷን ያገኛሉ። በመጀመሪያው ክፍል የነበረችው ብርቱካናማ ናት፤ ሰው የሚያውቃት አረንጓዴዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አረንጓዴው የቅጠል ዓይነት ሳይሆን ወደ ሎሚ የሚያደላ ነው። ኮፈኑ የማያብለጨልጭ ጥቁር ነው። ጓጉንቸሩ ያለው በሹፌሩ በር ላይ ሲሆን፣ የእንግሊዝ መኪና በመሆኗ የሹፌሩ በር የቀኙ ነው። እኛ ጋ መሪ በግራ ስለሆነ ሠዓሊዎች ሳያስቡት በግራ በር ላይ ያደርጉታል። መለያው ቀላል ነው፦ መኪናዋ ከጎን ስትሳል አፍንጫዋ ወደ ተመልካቹ ቀኝ ከዞረ የምታዩት የሹፌሩን በር ነው፣ ጓጉንቸሩም እዚያ ይሁን። አፍንጫዋ ወደ ግራ ከዞረ ጓጉንቸር አታሳዩ። ይህ ነገር በቪኒል (በቅርጽ ተቆርጦ በሙቀት በሚለጠፍ ላስቲክ) እና በዲቲኤፍ (ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት ወደ ጨርቁ በሚተላለፍ ህትመት) ሥራ እጥፍ ያሳስታል፤ ፋይሉ ተገልብጦ ስለሚታተም አንድ ሰው መገልበጡን ሲረሳ ወይም ሁለቴ ሲገለብጥ መኪናዋ ዞራ ትወጣለች። ድቡ ቢገለበጥ ማንም አያውቅም፤ መኪናዋ ግን ታሳብቃለች።

ሰው ብዙ የሚጠይቀው ጣሪያዋ ላይ ባለ አንድ ሰው ሶፋ የተጫነባትን ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በታየው ክፍል ከቅናሽ ገበያ የገዛው ዕቃ መኪናዋን ስለሞላት ሶፋውን ጣሪያ ላይ ጭኖ፣ እሱም ሶፋው ላይ ተቀምጦ በመጥረጊያ እያገዘ ይነዳል። ጣሪያው ላይ ፍራሽም በግም የጫነ ሚኒባስ በየቀኑ በሚያልፍበት ከተማ ይህን ሥዕል ማስረዳት አያስፈልግም። ሰውየውን ሳትጨምሩ ባዶ ሶፋና መጥረጊያ ብቻ አድርጉት፤ ቀልዱ አይጎድልም፣ ሥራው ግን በግማሽ ይቀላል። ሌላው እዚህ አገር የሚሠራ ሐሳብ በተለያዩ ክፍሎች እሱ የሚገፋትና የሚገለብጣት ፈዛዛ ሰማያዊዋ ባለ ሦስት ጎማ መኪና ናት። እሷን በሰማያዊ ባጃጅ ተክታችሁ ከአረንጓዴዋ ኋላ በጎኗ ብታስተኟት የራሳችሁ ሥዕል ይሆናል፤ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ የሚሠራ የባጃጅ ሹፌር ራሱ ገዝቶ ይለብሰዋል።

የከረባቱ ሥዕል፣ ማለትም ቡናማ ቲሸርት ላይ ነጭ ኮሌታና ቀይ ከረባት፣ ወረቀት ላይ ከሁሉም ቀላሉ፣ ጨርቅ ላይ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። ምክንያቱ ቦታው ነው። ሌላው ሥዕል ከአንገት ስፌት 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ ከረባት ግን አንገት ሥር ካልጀመረ ከረባት አይመስልም። የአንገቱ ጥቅል ስፌት ደግሞ ወፍራም ነው፤ ስክሪኑን ከፍ ስለሚያደርገው ቀለሙ ከሥሩ ይፈስና ጠርዙ ይላላል። መፍትሔው የማተሚያ ጣውላውን አናት በአንገት ቅርጽ ቆርጦ ስፌቱ ከጣውላው ውጪ እንዲንጠለጠል ማድረግ፣ ህትመቱንም ከስፌቱ 1.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ መጀመር ነው። የከረባቱ ወርድ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 30 ይበቃል፤ የእሱ ከረባት ቀጭን ነው። የሸሚዙን ነጭ ደረት በሙሉ አትሙሉት። ያን ያህል ነጭ ቀለም ደረት ላይ ሲደርቅ ላስቲክ ይሆናል፣ ኮምቦልቻ ላይ በግንቦት ፀሐይ የሚለብሰው ሰው ይረግማችኋል። የኮሌታውን ሁለት ጫፎች በነጭ መስመር ብቻ ማሳየት በቂ ነው።

ስለ መብት አጭር ነገር። ስሙ፣ ገጸ ባሕርዩና የመለያ ጽሑፉ ባለቤት አላቸው፤ የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ደግሞ ለሽያጭ በሚወጣ ዕቃ ላይ ዝም አይሉም። ለራሳችሁ ቡድን የምትለብሱትና ሱቅ ደርድራችሁ የምትሸጡት አንድ አይደሉም። ስሙንና ፊቱን ትቶ በራስ እጅ የተሳለ ዕቃ መጠቀም አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ለመሸጥ ካሰባችሁ ፈቃድ መጠየቅ ወይም የሕግ ባለሙያ ማማከር ነው። ከኢንተርኔት የሌላ ሰው ሥዕል አውርዶ ማተም ግን በምንም መንገድ አይሆንም።

ወደ ዘዴው ስንመጣ ውሳኔው በብዛትና በጨርቅ ነው። እስከ 10 ወይም 12 ቲሸርት ከሆነ ስክሪን ማዘጋጀቱ አያዋጣም፤ በዲቲኤፍ ፊልም ወይም በቪኒል አሠሩት። ከ20 በላይ ሆኖ አንድ ወይም ሁለት ቀለም ከሆነ ስክሪን ያዋጣል፣ በጥጥ ላይም ዕድሜው ይረዝማል። በመካከል ያለው የቀለም ብዛት ጉዳይ ነው፦ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፊልም (ሥዕሉ በጥቁር የታተመበት ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ)፣ የራሱ ስክሪን፣ የራሱ እጥበት አለው። ሦስት ቀለም ያለው 15 ቲሸርት ከአንድ ቀለም 40 ቲሸርት የበለጠ ያደክማል። ሰብሊሜሽን (ቀለሙ በሙቀት ተኖ ጨርቁ ውስጥ የሚገባበት ህትመት) የሚሠራው ፖሊስተር ላይ፣ ያውም ነጭ ወይም ፈዛዛ ጨርቅ ላይ ብቻ ነው። ጥጥ ላይ አድርጌ አሳምራለሁ የሚላችሁ ካለ ሁለት ጊዜ ታጥቦ የሚጠፋ ነገር እየሸጠላችሁ ነው።

ጨርቁን ለማወቅ ሻጩን አትመኑ፤ ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር ሳቡና በክብሪት አቃጥሏት። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነዳል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይቀራል። ሁለቱም ከታዩ ቅልቅል ነው። ይህን ማወቅ ቅንጦት አይደለም፤ ቀይ ወይም ቡናማ ፖሊስተር ላይ ነጭ ቀለም ታትሞ በ160 ዲግሪ ሲደርቅ የጨርቁ ቀለም ተኖ ወደ ነጩ ይገባል። ከማሽን ሲወጣ ንጹሕ ነጭ የነበረው በማግስቱ ሮዝ ሆኖ ይገኛል፤ ያኔ መመለሻ የለውም። ለእንዲህ ያለ ጨርቅ በዝቅተኛ ሙቀት የሚደርቅ ቀለም ያስፈልጋል፣ ካልተገኘ ግን ጨርቁን መቀየር ነው።

ውፍረቱ በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 180 ግራም ቢሆን ጥሩ ነው። ከ140 በታች ያለው ሰውነት ያሳያል፣ ሲታተምም ይሸበሸባል። ከተበላሸ ቲሸርት 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ወርቅ ቤት ብታስመዝኑት 1.8 ግራም የመጣው 180 ነው ማለት ነው። መቁረጥ ካልፈለጋችሁ ሙሉውን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ፤ የአዋቂ ላርጅ ሆኖ 150 ግራም ካልሞላ ስስ ነው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ ስላላት ባዶ ቲሸርት እንደ ልብ ይገኛል ብሎ ማሰብ ያሳስታል። የሚበዛው ከመርካቶ የሚመጣ ነው፤ በተለይ ቡናማ እንደ ጥቁርና ነጭ አይደለም፣ ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው ይለያያል። ስለዚህ የምትፈልጉትን በሙሉ በአንድ ጊዜ ግዙ፣ 30 ካስፈለገ 33 አድርጉት። ሦስቱ ለሙከራና ለብልሽት ናቸው፤ አንዱን ደግሞ ሳታትሙ በሙቅ ውሃ እጠቡት። ወርድና ቁመቱን ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ለኩ፤ ከ5 በመቶ በላይ ካጠረ ለሁሉም አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ማዘዝ ይሻላል።

ሥዕሉ ኮረል ድሮው በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ በመስመር ይሠራ እንጂ ከፎቶ አይጎተት። የአማርኛ ጽሑፍ ካለው ከመላካችሁ በፊት ወደ ከርቭ (ፊደል መሆኑ ቀርቶ ወደ ሥዕል መስመር) ቀይሩት፤ ኮንትሮልና ኪው ነው። ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ነገር ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅልቅ ይሆናል፤ አታሚው አማርኛ የማያነብ ቢሆን እንኳን ያስተውለው ነበር፣ የሚያነበውም ግን ጥድፊያ ላይ ሲሆን ሳያይ ያልፈዋል። የፊደል ቁመት ከ8 ሚሊ ሜትር ባያንስ መልካም ነው፤ እንደ ጪ፣ ኧ፣ ዷ ያሉት ውስጣቸው ጠባብ ስለሆነ ቀለም ይሞላቸዋል። የሥዕሉ ወርድ ለአዋቂ ከ26 እስከ 30፣ ለስሞልና ለሴቶች ከ22 እስከ 25፣ ለልጅ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ስሞልም ኤክስ ላርጅም ካላችሁ ሁለት ስክሪን ከማሠራት በ25 ሳንቲ ሜትር ሁሉንም ማተም ያዋጣል፤ ትልቁ ላይ ትንሽ ያንስ ይሆናል እንጂ አያስቀይምም።

ሁለት ቀለም ያለው ሥዕል፣ ለምሳሌ አረንጓዴዋና ጥቁሩ፣ ጫፍ ለጫፍ እንዳይገጥም። ጥቁሩ በአረንጓዴው ላይ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይደረብ፤ ጨርቅ ይለጠጣልና ካልተደረበ በመሃላቸው የቲሸርቱ ቀለም እንደ ክር ይታያል። ፈዛዛው ቀድሞ፣ ጥቁሩ መጨረሻ ይታተማል። በጠቆረ ቲሸርት ላይ ደግሞ ለቀዩም ለአረንጓዴውም የሥር ነጭ ያስፈልጋል። ያለ ነጭ ቡናማ ላይ የታተመ ቀይ ከረባት የደረቀ ደም ይመስላል። የሥር ነጩን ከላይ ካለው ቀለም በ0.5 ሚሊ ሜትር አጥብቡት፣ አለዚያ በጠርዙ ነጭ ይወጣል።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ዓይነት መረብ ቢኖራችሁ ይበቃል። በሳንቲ ሜትር 43 ክር ያለው ለነጭና ለወፍራም ቀለም፣ 61 ወይም 77 ክር ያለው ለጥቁር መስመርና ለደቃቅ ጽሑፍ። ፍሬሙ ከሥዕሉ በየጎኑ ቢያንስ 5፣ ከላይና ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ፤ ጠባብ ፍሬም ላይ ጫፉ አካባቢ መረቡ ስለማይታዘዝ ሥዕሉ በጠርዙ ደብዛዛ ይሆናል። መረቡን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አሽታችሁ ጨርሶ አድርቁት። የጣት ቅባት እንኳን ቢቀር ኢማልሽኑ (መረቡ ላይ የሚቀባው፣ ብርሃን ሲነካው የሚጠነክረው ፈሳሽ) እዚያ ላይ አይይዝም፣ በኋላ የመርፌ ቀዳዳ ሆኖ ይከፈታል።

ኢማልሽኑ ብርሃን እንዲሰማው ከሚያደርገው የዲያዞ ዱቄት ጋር የሚቀላቀለው ዓይነት ከሆነ ከቀላቀላችሁ በኋላ አረፋው እስኪወጣ ጥቂት ሰዓት አሳርፉት። በቢጫ አምፖል ብርሃን ከህትመት ጎኑ (ቲሸርቱን ከሚነካው) አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ስኩዊጅ (ቀለም መሳቢያው ላስቲክ) በሚሳብበት ጎን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቀቡ። የመጨረሻው ቅብ ሁልጊዜ የስኩዊጁ ጎን ይሁን፤ ኢማልሽኑን ወደ ህትመቱ ጎን ስለሚገፋው ጠርዙ የሰላ ይሆናል። ሲደርቅም የህትመቱ ጎን ወደ ታች ሆኖ በአግድም ይተኛ።

ደሴና ኮምቦልቻ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። መካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ከፍታው ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉም ደሴ ላይ ሲወርድ የተቀባ ስክሪን አድሮም በውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ላዩ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፣ ብርሃን ከተመታ በኋላ ግን ሲታጠብ ተልጦ ይወርዳል። ሰው የብርሃኑ ጊዜ አነሰ ብሎ ጊዜ ይጨምራል፤ ችግሩ እርጥበቱ ነው። በዝግ ሣጥን ውስጥ በቬንትሌተር አድርቁት፣ ሙቀት ከጨመራችሁም ከ40 ዲግሪ አትለፉ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ማድረቁ ችግር የለውም፣ የሚያስቸግረው ቀለሙ ስክሪኑ ላይ መድረቁ ነው። እሱን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ለብርሃኑ ፀሐይን የሚጠቀሙ አሉ፤ ይሠራል፣ ግን በደመና መሃል ጊዜው ይዛባል። ጥርት ባለ ቀን ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት ይሻላል። በፀሐይም በመብራትም የሰው ሰዓት አትዋሱ፣ ራሳችሁ ፈትሹ፦ ፊልሙን መስተዋት ሥር አድርጋችሁ፣ በካርቶን ሸፍናችሁ፣ በየ20 ሴኮንዱ አንድ እርከን እየገለጣችሁ እስከ ስድስት እርከን ሂዱ። ሲታጠብ የሚሙለጨለጨውና የሚፈሰው እርከን ጊዜ ያነሰው ነው። ሥዕሉ ጨርሶ የማይከፈተው የበዛበት ነው። ቀጭኑ መስመር ሳይጠፋ ኢማልሽኑ የጠነከረበት እርከን ልካችሁ ነው፤ ከመብራቱ እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀት እስካልተቀየረ ድረስ ያው ይሆናል። ፊልሙ ላይ ያለው ጥቁር ወደ መብራት ሲያዩት ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ሁለት ቅጂ ደርባችሁ በስኮች ያዙት። ሲታጠብ ሁለቱንም ጎን በውሃ አርሶ አንድ ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ከህትመት ጎኑ በቀስታ መርጨት ነው። በኃይለኛ ውሃ መጀመር የመስመሮቹን ጫፍ ይቀደዋል።

ሲታተም በስክሪኑና በቲሸርቱ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ የታጠፈ ካርቶን ከፍሬሙ ጫፍ ሥር ማድረግ ይበቃል። ክፍተቱ ከሌለ ስክሪኑ ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ይነሣና ህትመቱ ይቦጫጨቃል። ቲሸርቱ ጣውላው ላይ እንዳይንቀሳቀስ የሚረጭ ማስቲሽ በስሱ ንፉ፤ በየ10 ቲሸርቱ መድገም ይበቃል። ስኩዊጁን ከጨርቁ ጋር 75 ዲግሪ ገደማ አጋድላችሁ በአንድ ፍጥነት ሳቡ። ስኩዊጁን አብዝታችሁ ብትጫኑት ቀለሙ ላዩ ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ወደ ጨርቁ ይሰምጣል፤ ነጭ የማይደምቀው በብዛት በዚህ ነው። ደንበኛ «ወንድሜ፣ ነጩን ትንሽ አድምቅልኝ» ሲል መልሱ ሦስት አራት ጊዜ መሳብ አይደለም። አንድ ጊዜ ስቦ፣ ሲነካ እስከማይጣበቅ በሂት ጋን (ሙቅ አየር በሚነፋው መሣሪያ) ወይም ሳይነካ ከላይ በተንጠለጠለ ሂት ፕረስ (የሙቀት መጫኛ ማሽን) ማድረቅ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ መድገም ነው። በሁለቱ መካከል ጣውላው ይቀዝቅዝ፤ የጋለ ጣውላ ላይ የወረደ ስክሪን ውስጡ ያለው ፕላስቲሶል (በሙቀት ብቻ የሚደርቀው ፕላስቲክነት ያለው ቀለም) መርጋት ይጀምራል። የኤ 4 ወረቀት ግማሽ የሚሞላ ሥዕል በሁለት እጅ ነጭ ከ5 እስከ 10 ግራም ቀለም ይወስዳል፤ ለ30 ቲሸርት ስክሪኑ ላይ ከሚቀረው ጋር ግማሽ ኪሎ ይበቃል።

የመኪናዋን አረንጓዴ ስትቀላቅሉ ከቢጫ ጀምሩና አረንጓዴውን ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። በዓይን ሳይሆን በሚዛን፣ ግራሙን ጻፉት። ሁለተኛ ትዕዛዝ ሲመጣ ያው አረንጓዴ ካልሆነ ጓደኛሞች ጎን ለጎን ሲቆሙ ይታያል።

በውሃ የሚቀጥነውን ቀለም የምትጠቀሙ ኮምቦልቻ ላይ ከሆናችሁ ሥራውን በጠዋት ወይም ወደ ማታ አድርጉት። ከእያንዳንዱ ህትመት በኋላ ስክሪኑን ከፍ አድርጎ ቀለሙን ሳይጫኑ መልሶ በሥዕሉ ላይ ማልበስ ያስፈልጋል፤ ክፍት ሆኖ የተተወ መረብ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ስልክ ለማንሳት እንኳን ከሄዳችሁ እርጥብ ጨርቅ አልብሱት። ቀጭን መስመሮች ቀድመው ከጠፉ መረቡ እየተዘጋ ነው፤ ቀለም አትጨምሩ፣ ከሥሩ በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉትና ሁለት ሦስት ጊዜ በጋዜጣ ላይ አትሙ። ፊክሰር (ቀለሙን ጨርቁ ላይ የሚያጸና ኬሚካል) የሚጨመርበት ከሆነ መጠኑን ከጠርሙሱ አንብቡ፣ ለዕለቱ የሚበቃችሁን ብቻ ቀላቅሉ፤ የተቀላቀለው ለነገ አያድርም።

በመጨረሻ የሚለበሰውን ቲሸርት ከሚጣለው የሚለየው ማብሰሉ፣ ማለትም ቀለሙን በሙቀት ማጽናቱ ነው። ፕላስቲሶል ላዩ ሳይሆን እስከ ታች ውፍረቱ 160 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ በሂት ፕረስ ላይ የሲሊኮን ወረቀት አልብሶ፣ በቀስታ ተጭኖ፣ 40 ሴኮንድ ያህል ነው። በውሃ የሚቀጥነው መጀመሪያ ውሃው ተኖ ይለቅ፣ ከዚያ ከ155 እስከ 160 ዲግሪ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። በካውያ የምትሠሩ ያለ እንፋሎት፣ በወረቀት ላይ፣ ቦታ እየቀየራችሁ ቢያንስ አምስት ደቂቃ። ሂት ፕረሱ 160 ብሎ ስላሳየ 160 ነው ማለት አይደለም፤ በተለይ ምሽት ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲያሰካ ኃይሉ ይወርድና ሰሌዳው በሁለት ቲሸርት መካከል ቶሎ አይመለስም። ቁጥሩ እስኪመለስ ጠብቁ፣ ቢቻል ማብሰሉን ረፋድ ላይ ጨርሱት። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ያለቁትንና ያላለቁትን አትቀላቅሉ፤ መብራት ሲመጣ የተጠረጠረውን በሙሉ እንደገና መተኮስ ነው፣ ጥጥ ላይ ድጋሚ መተኮስ አይጎዳም።

ዲቲኤፍ ፊልም አዲስ አበባ አሳትማችሁ የምታስመጡ፣ ሳይታጠፍ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታሽጎ ይምጣ። እርጥበት ከገባው ሲተኮስ አረፋ ይሠራል። ቲሸርቱን ቀድማችሁ አምስት ሴኮንድ ተኩሱት፣ ከዚያ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ። ፊልሙ ቀዝቅዞ የሚላጥ ነው ወይስ በትኩሱ የሚለውን ሻጩን ጠይቁ፤ የቀዝቃዛውን በትኩሱ መላጥ ግማሹን ይዞት ይነሣል። ከላጣችሁ በኋላ ወረቀት አልብሳችሁ ሌላ 10 ሴኮንድ ጨምሩ።

የፕላስቲሶል ፈተና፦ ህትመቱን በሁለት አውራ ጣት ወደ ጎን ሳቡት። ተሰንጥቆ ጨርቁን ካሳየ አልበሰለም፣ ተመልሶ ይተኮስ። ከዚያ አንዱን በኦሞ አሽታችሁ እጠቡት። እኛ ጋ ልብስ በእጅ ስለሚታሽ በማሽን ከታጠበው ፈተናው የከበደ ነው፤ ለደንበኛው ስታስረክቡ ሦስት ቀን ሳይታጠብ ይቆይ፣ ተገልብጦ ይታጠብ፣ ህትመት በህትመት አይታሽ፣ በረኪና አይነካው፣ ጥላ ላይ ይሰጣ በሉት።

የምታሠሩ ከሆናችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በራሱ ቲሸርት፣ በራሱ ቀለም የታተመ አንድ ሳምፕል ጠይቁ፤ የስልክ ፎቶ ሳምፕል አይደለም። ሳምፕሉ ላይ በማይጠፋ እስክሪብቶ ፈርማችሁ አንዱን እናንተ ያዙ። የመጠኑን ዝርዝር በስም ሳይሆን በብዛት ጻፉ፦ ስሞል ስንት፣ ሚዲየም ስንት። የተመራቂ ቲሸርት በሚበዛበት ወቅትና በበዓላት ዋዜማ አታሚው ማብሰያ ጊዜ ያሳጥራል፤ የሚስተር ቢን ቲሸርት አይቸኩልምና ሌላ ወር ላይ አሠሩት።

ሥራው ሲያልቅ ፕላስቲሶሉን በነጭ ጋዝ ጥረጉት፣ ቤንዚን አጠገቡ አይድረስ። ሥዕሉ እንደገና የሚታዘዝ ከመሰላችሁ ስክሪኑን እንዳለ ከፀሐይ ርቆ በቁሙ አስቀምጡት። ካልሆነ ኢማልሽኑን በማንሻው በዚያው ሳምንት አውርዱት፤ ወራት ከቆየ በኋላ መረቡ ላይ ይቆልፍና አዲስ መረብ ያስወጥራችኋል።